ሽቦ፣ ብሎን ወይስ ፕሌት፦ የእግር አጥንቶች ስብራት አጠጋገን ታሪክ ከዱከም ጎዳና አንጻር

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማይቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም፣ ዕድገቷንም ጉዳቷንም ከመንገድ ያገኘች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በዱከም በኩል አልፏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሮጌው ሐዲድ ሥራውን ካቆመ በኋላ በ2014 የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፤ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። በዚሁ ዘመን የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በከተማይቱ ተቋቁሞ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በ2012 ሥራ የጀመረው የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ ነበር። ጫማ ለባሕር ማዶ ገበያ በተሰፋባት በዚህች ከተማ ግን ከፋብሪካው አጥር ውጪ የብዙው የቀን ሠራተኛ እግር የሚጠበቀው በሸራ ጫማ ወይም በነጠላ ጫማ ነው።

እንዲህ ባለ ስፍራ እግር የሚጎዳባቸው ምክንያቶች ለማንኛውም የድንገተኛ ክፍል ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። ከባሕር ዛፍ እንጨት በታሰረ መወጣጫ ላይ ሲሠራ የወደቀ ግንበኛ በተረከዙ ያርፋል። የከባድ መኪና ጎማ የረገጠው እግር አጥንቱ ከመሰበሩም በላይ ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ይላቀቃል። ሞተር ብስክሌት ነጂ ሲጋጭ መርገጫው ላይ ያለው እግሩ በመሐል ይታጠፋል። በእነዚህ ሁሉ ፊት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የተሰበረው አጥንት በሽቦ ይያዝ፣ በብሎን ይጥበቅ፣ በፕሌት ይደገፍ ወይስ በጀሶ ብቻ ይተው? የመቶ ዓመቱን ክርክር ለተከታተለ ሰው መልሱ በብረቱ ዓይነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆኖ አይገኝም። እግር ላይ ብረቱን የሚሸፍነው ሥጋ እጅግ ስስ ነውና፣ ከአንድ ትውልድ የሚበልጡ የቀዶ ሐኪሞች ውጤታቸውን ያገኙትም ያጡትም በአጥንቱ ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ ነው።

በአማርኛ “እግር” የሚለው ቃል ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህም ምክንያት “እግሩን ተሰብሮ” ተብሎ የተጻፈ የሪፈራል ወረቀት የጭን ስብራት ይሁን የተረከዝ አይለይም። እዚህ ላይ የሚወራው ከቁርጭምጭሚት በታች ስላሉት 26 አጥንቶች ነው።

ከወጌሻ እስከ ራጅ

በኢትዮጵያ የስብራት ሕክምና ከሆስፒታል በፊት የወጌሻ ሥራ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ የተሰበረ ሰው አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ እርሱ ነው። ዘመናዊ ሐኪም ወጌሻ የሚለውን ስም ሲሰማ ብዙ ጊዜ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው በቀርከሃ ተጠፍሮ የጠቆረ እግር ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ማሰሪያው የሚጠብቀው ገና እብጠቱ ሳይጀምር ነው፤ እብጠቱ ሲመጣ ማሰሪያው አይላላም፤ ደምም ይቋረጣል። መኮንን እሸቴ በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ይህን ጉዳት ለመከላከል ወጌሾችን በአጭር ትምህርት ማገዝ ፍሬ እንዳለው አሳይተዋል። ጽሑፉ የሚጠቀስበት ዋናው ቁም ነገር ወጌሻውን ከመንቀፍ ይልቅ ማሰሪያውን ማስተካከል እንደሚቻል ማስረዳቱ ነው።

ዘመናዊው የአጥንት ሕክምና ራሱ ከወጌሻ ቤት መውጣቱም መዘንጋት የለበትም። በሊቨርፑል ይሠራ የነበረው ሂዩ ኦወን ቶማስ አባቱም አያቶቹም በዌልስ ምድር የታወቁ ወጌሾች ነበሩ። እርሱ የሠራው መደገፊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጥይት ጭናቸው የተሰበረ ብዙ ወታደሮችን ከሞት አትርፏል። በሚስቱ በኩል ዘመዱና ደቀ መዝሙሩ የነበረው ሮበርት ጆንስ ደግሞ በ1902 ባወጣው ጽሑፍ የእግርን ስብራት በራጅ ከገለጹት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሆነ። ራጅ ከተገኘ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ጆንስ የራሱን እግር የጎዳው ሲጨፍር ነው፤ ከትንሿ ጣት በስተኋላ ያለው አምስተኛው ሜታታርሳል ከሥሩ ተሰብሮ በራጅ ሲታይ፣ እንዲህ ያለ ስብራት አጥንቱ በቀጥታ ሳይመታ እግር በመጠምዘዙ ብቻ ሊመጣ እንደሚችል ተረዳ። ስብራቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ወደ ዱከም አካባቢ ስንመለስ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ የሆስፒታል ሕክምና ሥር የያዘው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። የሜኖናይት ሚስዮን በ1946 ገደማ በአዳማ (በዚያን ጊዜ አጠራር ናዝሬት) በአሮጌ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታል ከፈተ፤ በወረራው ዘመን በተሠዉት አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ስምም ተሰየመ። ሚስዮኑ ድሬሰሮችንም ያሠለጥን ነበር። ያ ሆስፒታል ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1980ዎቹ በመሆኑ፣ በመካከሉ ባሉት አሥርተ ዓመታት የእግር ስብራት ያገኘው ሰው ዕጣው ጀሶ ወይም መቆረጥ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ብረት ወደ አጥንት ሲገባ

የተከፈተ ስብራት የሞት ፍርድ መሆኑን ያስቀረው ብረት ሳይሆን ንጽሕና ነው። ጆሴፍ ሊስተር በ1865 በግላስጎው በካርቦሊክ አሲድ ያከመው የመጀመሪያው ስኬታማ ሕመምተኛ የጋሪ መንኮራኩር እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ጋሪ ዛሬም በሚሄድባቸው የምሥራቅ ሸዋ ከተሞች ይህ ታሪክ ያረጀ አይመስልም። ልጁ እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ ነው የቀዶ ሐኪሞች ያልተከፈተውን ስብራት ሆን ብለው ከፍተው ብረት ለማስገባት የደፈሩት።

የቤልጅጉ አልቢን ላምቦት ፕሌትና ብሎን ተጠቅሞ ሥራውን ኦስቲዮሲንተሲስ ብሎ ሰየመው፤ ከቆዳ ውጪ የሚቆም የብረት መደገፊያም በ1902 ሠርቷል። ፍሪትዝ ስታይንማን በ1907 ወፍራሙን የአጥንት ሚስማር፣ ማርቲን ኪርሽነር በ1909 ቀጭኑን ሽቦ አስተዋወቁ። ሁለቱም መጀመሪያ የታሰቡት አጥንትን በክብደት ለመጎተት እንጂ ለመስፋት አልነበረም። የኪርሽነር ሽቦ ግን ርካሽ፣ በእጅ መሰርሰሪያ የሚገባ፣ ሲፈለግም በጉጠት የሚወጣ በመሆኑ ለትንንሽ አጥንቶች ዋና መሣሪያ ሆነ። በ1958 የስዊዘርላንድ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን በቢል ከተማ ተሰብስቦ ኤ.ኦ. የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ አራት ነገሮችን አስተማረ፤ አጥንቱን ወደ ተፈጥሮ ቦታው መመለስ፣ አጽንቶ ማሰር፣ የደም ሥሩን መጠበቅ፣ ሕመምተኛውንም ፈጥኖ ማንቀሳቀስ። ከአራቱ በተግባር ብዙ ጊዜ የተረሳው ሦስተኛው ነው። የጭን አጥንት በወፍራም ጡንቻ ስለተሸፈነ ይህን ስሕተት ይታገሣል፤ እግር አይታገሥም።

ተረከዝ

ከእግር አጥንቶች ሁሉ ሐኪሞችን እጅግ ያከራከረው ካልካኒየስ የሚባለው የተረከዝ አጥንት ነው። ውጪው ስስ ቅርፊት፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሳሳ አጥንት ነው። ሰው ከከፍታ ሲወድቅ ከላዩ ያለው ታለስ እንደ መጥረቢያ ይሰነጥቀዋል፤ አጥንቱ ቁመቱ ያጥራል፣ ወርዱ ይሰፋል፣ የላይኛው መገጣጠሚያም ይፈርሳል። ከአሥር ሰዎች በአንዱ ያህል የወገብ አከርካሪም አብሮ ስለሚሰበር፣ ከመወጣጫ የወደቀን ሰው ተረከዙን ብቻ አይቶ ወገቡን አለመዳሰስ ከባድ ስሕተት ነው።

የቦስተኑ ፍሬድሪክ ኮተን በ1908 የሰፋውን ተረከዝ ከጎኑ በመዶሻ እየመታ ለማጥበብ ሞከረ፤ በ1916 ከሄንደርሰን ጋር ባወጣው ጽሑፍ ግን ተረከዙን የሰበረ ሠራተኛ ለሥራ ዓለም አለቀለት እስከማለት የደረሰ ተስፋ መቁረጥ ይነበባል። የቪየናው ሎሬንዝ ቦለር በ1931 በራጅ ላይ የሚለካውን ማዕዘን አስተማረ፤ በጤናማ እግር ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ይህ ማዕዘን በስብራት ጊዜ ይቀንሳል፣ ዜሮም ሊደርስ ይችላል። ሲቲ ስካን በሌለበት ቦታ ዛሬም ይህን ያህል የሚያገለግል ሌላ መለኪያ የለም፤ የሚያስፈልገው የጎን ራጅና ማስመሪያ ብቻ ነው። ስዊድናዊው ኢቫር ፓልመር በ1948 ከጎን ከፍቶ የወረደውን መገጣጠሚያ በማንሣት ከሥሩ ከዳሌ የተወሰደ አጥንት አስገባ። በበርሚንግሃም የአደጋ ሆስፒታል የነበረው ፒተር ኤሴክስ ሎፕሬስቲ ደግሞ ስብራቱን በሁለት ከፈለው፤ በአንደኛው የተሰበረው ቁራጭ እንደ ምላስ ወደ ኋላ የረዘመ ነው፣ በሁለተኛው መገጣጠሚያው ብቻ ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው። ምላስ መሰሉን ከኋላ በኩል በገባ ወፍራም ሚስማር ቆዳ ሳይከፈት ማንሣት እንደሚቻል አሳየ። ጽሑፉ በ1952 ሲወጣ እርሱ በሕይወት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ተገለባበጠ። በ1958 ሊንድሴይና ዲዋር ከካናዳ ያለ ቀዶ ሕክምና የተያዙት ሕመምተኞች ከተቀደዱት ባልተናነሰ ሁኔታ መዳናቸውን ስላሳዩ ብዙዎች ቢላዋቸውን አስቀመጡ። በ1980ዎቹ ሲቲ ስካን ሲመጣ፣ በ1993ም ሮይ ሳንደርስ ስብራቱን እንደ ቁራጮቹ ብዛት በአራት ደረጃ ሲከፍለው፣ የቀዶ ሕክምና ተስፋ እንደገና አንሰራራ። በተረከዙ የውጪ ጎን በትልቅ ማዕዘን የተቆረጠ ቆዳ ተገልብጦ ሙሉው የአጥንት ግድግዳ ይታያል፤ ቁራጮቹ ተገጣጥመው በፕሌትና በብሎኖች ይታሰራሉ። ከቀዶው በኋላ የሚነሣው ራጅ ዓይን ይማርካል። የተገለበጠው ቆዳ ግን በአንዲት ቀጭን የደም ሥር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የመቁረጫው ማዕዘን ሲሞት ከሥሩ ያለው ፕሌት ይገለጣል፣ አጥንቱም ያመረቅዛል።

ራጁ ያማረለት ሕመምተኛ በእርግጥ ይሻለዋል ወይ የሚለውን ለመመለስ ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ተደርገዋል። የካናዳው በሪቻርድ ባክሊ መሪነት 424 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ በ2002 ሲዘግብ በጠቅላላው በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ቀዶው የጠቀመው ለሴቶች፣ ለወጣቶች፣ ቀላል ሥራ ለሚሠሩና የሥራ ጉዳት ካሣ ለማይጠብቁ ነበር። ያልተቀደዱት በበኩላቸው ኋላ ላይ መገጣጠሚያውን በብረት አዋህዶ ማድረቅ በብዛት አስፈልጓቸዋል። በ2014 የወጣው የብሪታንያ ሙከራ 22 ሆስፒታሎችንና 151 ሕመምተኞችን ያቀፈ ሲሆን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶው በሕመምም በአካል ብቃትም ብልጫ አላሳየም፤ የጎንዮሽ ጉዳትና ዳግም ቀዶ ግን በተቀደዱት 23 በመቶ፣ ባልተቀደዱት 4 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ተረከዙ እጅግ የተጣመመ ሰው በዚህ ሙከራ አልተካተተም።

ለዱከሙ ግንበኛ የካናዳው ዝርዝር መራራ ነገር አለው። ከቀዶው አነስተኛ ጥቅም ያገኙት ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠሩት ናቸው፤ ከመወጣጫ የሚወድቁትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ትልቁን ፕሌት ማግኘት አለመቻል ሁልጊዜ እንደ እጦት ሊቆጠር አይገባም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበለጸጉት አገሮችም በትንሽ ቀዳዳ መገጣጠሚያውን አንሥቶ በሁለትና በሦስት ብሎኖች መያዝ እየተለመደ መጥቷል፤ ይህም በመሠረቱ ወደ ኤሴክስ ሎፕሬስቲ ሚስማር የቀረበ ነገር ነው።

አንድ ሁኔታ ግን መዘግየትን አይቀበልም። ምላስ መሰሉ ቁራጭ በአኪለስ ጅማት ወደ ላይ ተስቦ የተረከዙን የኋላ ቆዳ ከወጠረው፣ ቆዳው በሰዓታት ውስጥ ይነጣል፣ ከዚያም ይሞታል። ይህን ያየ የጤና መኮንን እግሩን ጣቱ ወደ ታች እንዳመለከተ በለስላሳ መደገፊያ አስሮ በዚያው ሰዓት መላክ ይኖርበታል። ሌሎቹ የተረከዝ ስብራቶች በተቃራኒው መጠበቅ አለባቸው። እግሩ ከፍ ተደርጎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ እብጠቱ ጎድሎ የቆዳው ሽብሽብ ሲመለስ ብቻ ነው ቢላዋ የሚነሣው።

ታለስ፦ የአውሮፕላን አብራሪዎች ስብራት

ታለስ በቁርጭምጭሚትና በተረከዝ መካከል የተቀመጠ፣ ጡንቻ የማይጣበቅበት፣ አብዛኛው ገጹ በልሙጥ አጥንት የተሸፈነ ነው፤ ደም የሚያገኘውም በጥቂት በር ብቻ ነው። የብሪታንያ የአየር ኃይል ሐኪም የነበረው ግሬም አንደርሰን በ1919 የ18 ሰዎችን ስብራት ዘግቦ የአብራሪዎች ስብራት ሲል ጠራው፤ አውሮፕላኑ ሲከሰከስ የመሪው መርገጫ ወደ እግር ወደ ላይ ይገፋ ነበርና። የአየር ኃይል ሰፈር በሆነችው በቢሾፍቱ ስሙ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬ ግን ይኸው ጉዳት የሚደርሰው በመኪና ፍሬን መርገጫ ላይ በተጫነ እግር ነው።

ሌላንድ ሃውኪንስ በ1970 ስብራቱ ምን ያህል እንደተፈናቀለ አይቶ አጥንቱ በደም እጦት የመሞት ዕድሉን መተንበይ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ የታለስ ስብራት በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልታሰረ ይሞታል የሚል እምነት ሰፈነ። ከዱከም ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል አዲስ አበባ ለሚደርስ፣ ከዚያም ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይህ እምነት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። በ2004 ሄዘር ቫሊየርና ባልደረቦቿ 102 የታለስ አንገት ስብራቶችን መርምረው ብረቱ የገባበት ሰዓት ከአጥንቱ መሞት ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው ዘገቡ። ወሳኞቹ የአጥንቱ መድቀቅና የቁስሉ መከፈት ነበሩ።

ይህ ግን ቸልታን አያስተምርም። የወለቀው መገጣጠሚያ በመጀመሪያው ሆስፒታል፣ በዚያው ቀን መመለስ አለበት፤ የወለቀ ታለስ ቆዳውን ከውስጥ እየተጫነ ይገድለዋልና። ብሎኑ ነው ሊቆይ የሚችለው። ሽቦ እዚህ ላይ ለጊዜው ለመያዝ እንጂ ለዘለቄታው አይበቃም፤ ሁለት ብሎኖች፣ አንገቱ ከውስጥ ጎን ከደቀቀም ትንሽ ፕሌት ያስፈልጋል። ይህ ከሆነ ታለስን ወደ ልዩ ባለሙያ መላክ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ሊስፍራንክ

በናፖሊዮን ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የቀዶ ሐኪም ዣክ ሊስፍራንክ ስሙ የተያያዘበትን ስብራት አልገለጸም። በ1815 ያስተማረው የእግሩን የፊት ክፍል በፍጥነት ቆርጦ የሚጥልበትን መስመር ነበር። እርሱ ይቆርጥበት የነበረው መገጣጠሚያ ዛሬ ሐኪሞች ለማዳን የሚደክሙበት ሆኗል።

ሁለተኛው ሜታታርሳል በጎረቤቶቹ መካከል እንደ ቁልፍ ድንጋይ ተሰክቶ የእግሩን ቅስት ይይዛል፤ እርሱ ሲላቀቅ ቅስቱ ይፈርሳል። ጉዳቱ በራጅ ላይ የሚታየው አንዳንዴ በሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ በመሆኑ፣ ከአምስት አንዱ ያህል በመጀመሪያው ምርመራ ያመልጣል ተብሎ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። በውስጥ እግር መሐል የታየ ጠቆር ያለ የደም ምልክት ለጤና ባለሙያው ከራጁ ይልቅ ሊናገር ይችላል። ሕመምተኛው በሁለቱም እግሮቹ ቆሞ የሚነሣ ራጅም ብዙ የተሰወረ ነገር ይገልጣል።

በሽቦ፣ በብሎንና በፕሌት መካከል ያለው ንጽጽር ግልጽ ሆኖ የሚታየው በዚህ መገጣጠሚያ ነው። መጀመሪያ ሽቦ ብቻ ነበር። ሽቦ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይወጣል፤ ጅማት ለመዳን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ስለሚፈልግ እግሩ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይከፈት ነበር። በ1980ዎቹ ብሎን ተተካ፤ እርሱ ያጸናል፣ ነገር ግን ልሙጡን አጥንት በስቶ ያልፋል፤ ዘግይቶ ከቀረም ይሰበራል። ከዚያ በላይ የተቀመጠ ፕሌት መገጣጠሚያውን ሳይበሳ ድልድይ እንዲሆን ታሰበ። በ2006 ሊና ኩትዚ 41 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ጅማት ብቻ በተበጠሰበት ጉዳት መገጣጠሚያውን ከመጀመሪያው አዋህዶ ማድረቅ ከብሎን ማሰር የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳዩ። በየትኛውም አገር ቢሆን ግን አራተኛውና አምስተኛው ሜታታርሳል እስከ ዛሬ የሚያዙት በሽቦ ነው፤ ያልተስተካከለ መሬት ላይ ለመርገጥ መንቀሳቀስ አለባቸውና። ሽቦ የድኻ መሣሪያ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

የቀሩት ሜታታርሳሎችና ጣቶች ብዙ ማብራሪያ አይሹም። ካልተፈናቀሉ ጠንካራ ሶል ያለው ጫማና ትዕግሥት ይበቃቸዋል፤ ከተፈናቀሉ አንድ ሽቦ። ልዩ የሆነው የሮበርት ጆንስ ስብራት ነው፤ የደም ድርሻው አነስተኛ በሆነ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ቀስ ብሎ ይድናል። በ2005 የወጣ የአሜሪካ ወታደራዊ ሐኪሞች ሙከራ በጀሶ ከታከሙት 18 ሰዎች በስምንቱ ሕክምናው እንዳልሠራ፣ በአንድ ብሎን የታሰሩት ግን ቶሎ ወደ ሥራቸው እንደተመለሱ ዘግቧል። ቆሞ ለሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ብሎኑ ዋጋ አለው።

የማያመው እግር

ስለ እግር አጥንት በኢትዮጵያ የተሰበሰበው ዕውቀት ከአደጋ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ሕመም የማይሰማው እግር እንዴት እንደሚፈርስ ለማየት የሚያስችል ስፍራ ሆነ። ሃሪስና ፖል ብራንድ በ1966 ባወጡት ጽሑፍ እንዲህ ያለ እግር አጥንቶቹ የሚፈርሱበትን ሥርዓት አስረድተዋል፤ ስብራቱ የሚጀምረው በትንሹ ነው፣ ሕመምተኛው ስለማያመው ይረግጠዋል፣ አጥንቱም ይደቃል። ዣን ማርታን ሻርኮ በ1868 በቂጥኝ ሕሙማን ላይ የገለጸው፣ ዛሬም በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚታየው መገጣጠሚያ ይኸው ነው።

በዚህ እግር ላይ የሌላው ሁሉ ሕግ ይቀየራል። ሽቦ ይታጠፋል፣ ብሎን ይነቀላል፣ አጭር ፕሌትም አብሮ ይሰበራል፤ ብረት የሚገባ ከሆነ ረዥምና ወፍራም መሆን፣ በጀሶ የሚቆይበት ጊዜም ሁለት እጥፍ ሊሆን ይገባል። የሁለቱን እግሮች ሙቀት በእጅ ጀርባ ማወዳደር ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው፤ የተሰበረው እግር ባያምም ይሞቃል። ከዱከም እስከ አዳማ ባሉት ከተሞች በጤና ጣቢያ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ እግሩ አብጦ ቢመጣ ቁስል ሳይኖርበት እንደ ማመርቀዝ ብቻ ታክሞ መሄዱ ብዙ እግር ያሳጣል።

ከዱከም እስከ ቀዶ ክፍል

ባለፉት ሃያ ዓመታት ለጭንና ለቅልጥም ስብራት ትልቅ ለውጥ መጥቷል። በ1999 በአሜሪካ የተመሠረተው ሳይን የተባለ ድርጅት በቀዶ ክፍል ራጅ የሌላቸው ሆስፒታሎች ሊያስገቡት የሚችሉትን የአጥንት ሚስማር አቅርቧል፤ ጥቁር አንበሳም ተጠቅሞበታል። እግር ግን እንዲህ ያለ አንድ ወጥ መፍትሔ አላገኘም፤ 26 አጥንቶች ለአንድ ሚስማር አይገዙም።

ስለዚህ በዚህ ጎዳና ላይ የሥራ ክፍፍሉ በአጥንቱ ሳይሆን በሰዓቱ ሊለይ ይገባል። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ የተከፈተውን ቁስል በብዙ ንጹሕ ውሃ ያጥባል፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንቲባዮቲክና የቲታነስ መከላከያ ይሰጣል፣ ሙሉ ጀሶ ሳይሆን ግማሽ ጀሶ ከጥጥ ጋር አስሮ እግሩን ከልብ በላይ ያነሣል። ጉስቲሎና አንደርሰን በ1976 ከ1,000 በላይ የተከፈቱ ስብራቶችን መርምረው ደረጃ ሲያወጡ የለኩት የአጥንቱን ስብራት ብቻ ሳይሆን በዋናነት የሥጋውን ጉዳት ነበር። የቢሾፍቱ ወይም የአዳማ ሆስፒታል የወለቀውን ይመልሳል፣ ቆዳ የወጠረውን ያነሣል፣ በሽቦ ወይም በውጪ መደገፊያ ለጊዜው ይይዛል። ብሎንና ፕሌት የሚያስፈልገው ጥቂቱ ብቻ፣ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ፣ ወደ ልዩ ባለሙያ ይሄዳል።

የሚቀረው ሽቦውን የማውጣት ጉዳይ ነው። ጫፉ ከቆዳ ውጪ ታጥፎ የቀረ ሽቦ በስድስተኛው ሳምንት መውጣት አለበት። ለዚህ ብቻ ሕመምተኛውን ወደ አዲስ አበባ መመለስ የትራንስፖርት ገንዘብና የሥራ ቀን ያስከፍላል፤ ብዙዎችም ይቀራሉ፣ ሽቦውም መግል ይይዛል። በንጹሕ ጉጠት የሚሠራ የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ በዱከም ያለ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ሊያከናውነው ይችላል፤ የሚፈለገው በመውጫ ወረቀቱ ላይ ስንት ሽቦ እንደገባ፣ በየትኛው አጥንት ውስጥ እንዳለና በየትኛው ቀን መውጣት እንዳለበት በግልጽ መጻፉ ነው። ሦስት ገብቶ ሁለት ብቻ የወጣለት እግር ራጅ ሳይነሣ ማንም ሊያውቀው አይችልም።